የጋሽ አየነው እንቁራሪት

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ሻንጣዬ ስምንቱንም ወር እንደ ታጨቀ አልጋ ሥር ከረመ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ የደም ግፊት ኪኒኔና ትምህርት ቤቱ የጻፈልኝ የትብብር ደብዳቤ ናቸው ያሉበት። አንዳንድ ቀን አወጣውና እፈታዋለሁ፤ ሸሚዞቹን አጥፌ መልሼ እከታለሁ። ባለቤቴ «ሰውየው፣ ወይ ሂድ ወይ አርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የዳንግላ ጡረተኛ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ከሰዓት ዳማ ይጫወታል፤ እኔ ግን ከቤት መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ቤት ስመላለስ እውላለሁ። «መንገዱ ተከፍቷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ዛሬ ተከፍቷል፤ የነገን እግዜር ያውቃል» ይሉኛል። ተከፍቷል ሲሉኝ ትኬት ሳልቆርጥ እመለሳለሁ። ተዘግቷል ሲሉኝ ደግሞ እፎይ እላለሁ፤ ቀጥሎ በእፎይታዬ አፍራለሁ። ስንት ሰው ታሞ በመንገድ መዘጋት ሐኪም ቤት መሄድ ባቃተው አገር፣ መንገድ ተዘጋ ብሎ ደስ የሚለው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ልሄድ ያሰብኩት አዲስ አበባ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ዕድሜ ልኩን ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው በመስታወት ውስጥ የቆመ ዝንጀሮ ለማየት መሄዱ ምን ያስጨንቀዋል ትሉ ይሆናል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እዚያ አለ የተባለና የሌለ ነገር ነው። ጉዳዩ ግን ከሥራ ዘመኔ ተነጥሎ አይወራም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጥሊሊ ነበር። ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ፣ ጠመኔና አንድ መጽሐፍ ይዤ፣ የሰው ልብ በቀይ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እርስዎ ልብ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አላየሁም ነበር። አራት ዓመት የተማርኩት ከሥዕል ነው። በማግስቱ ሥጋ ቤት ሄጄ የበግ ልብ ገዛሁና በምላጭ ከፍቼ አሳየኋቸው። ክፍሉ ተገለባበጠ፤ ግማሾቹ ጠረጴዛው ላይ ወጡ፣ ግማሾቹ በመስኮት ዘለሉ። ዳይሬክተሩ ጠርተው «ይኼ ትምህርት ቤት እንጂ ቄራ አይደለም» ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ያ ወረቀት የዝውውር ማመልከቻዬ ላይ ተያይዞ ቆሰበር ደረሰ። የቆሰበሩ ዳይሬክተር አነበቡትና «አንተን የሚችል ሰው አለኝ» አሉኝ፤ ከግቢው ጥግ ወዳለች የቆርቆሮ ክፍልም ይዘውኝ ሄዱ።

ዛሬ በደብዳቤው ሁሉ እንጅባራ ነው የሚባለው፤ አፋችን ግን ያኔም ዛሬም ቆሰበር ይላል። ላቦራቶሪ የተባለችው ክፍል ግማሿ በተሰበረ ዴስክ ተሞልታ ነበር። በቀረው ግማሽ ካኪ ካፖርት የለበሱ ሰው ቁጭ ብለው አንድ የሞተ ጉጉት ይገፍፋሉ። ጋሽ አየነው ይባላሉ። በመዝገብ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናቸው፤ ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ሙያውን ያገኙት ድሮ እዚያ ያስተምር ከነበረ አንድ ህንዳዊ መምህር ነው። ህንዳዊው አገሩ ሲገባ ምላጩንና መቀሱን ለእሳቸው ትቶ ሄደ።

ቀና ብለው አዩኝና «የበጉን ልብ የገዛኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከግራ ነው ከቀኝ የከፈትከው?»

ከየት በኩል እንደ ከፈትኩት አላስታውስም።

«በል ተቀመጥ። አመድ ነስንስልኝ።»

ስድስት ዓመት አብሬያቸው አመድ ነሰነስኩ። አመዱ ደሙንና ስቡን ይጠጣል፤ ላባው እንዳይበላሽ። ወፍ ከደረቷ አጥንት ጀምሮ እስከ ጅራቷ ሥር ትሰነጠቅና ቆዳዋ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወጣል። የሚጣደፍ ሰው አንገቷ ላይ ሲደርስ ይቀድዳታል፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀደድኳቸው። ጋሽ አየነው አልተቆጡኝም። የቀደድኩትን ሁሉ በክር አሰፍተው፣ ጥጥ አስሞልተው መደርደሪያ ላይ እንዳቆመው ያደርጉኛል፤ ጎባጣዋን ወፌን ተማሪ ሁሉ እያየ ሲስቅባት ይከርማል። ከተግሣጽ ይልቅ ያ አስተማረኝ።

እሳቸው ራሳቸው እንስሳ ገድለው አያውቁም። መኪና የገጫትን ወፍ፣ ገበሬ የገደለውን እባብ ነበር የሚሰበስቡት። ገበያ ለገበያ እየዞሩ በአዊኛ «መቼም መግደላችሁ ካልቀረ ጭንቅላቱን አትጨፍልቁት፤ ጭንቅላቱን ስትጨፈልቁ መታወቂያውን ቀደዳችሁት ማለት ነው» እያሉ ይለምኑ ነበር። ሰዉ ይስቃል፤ ቢሆንም ሰኞ ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪው በር ላይ በገመድ የታሰረ እባብ አይጠፋም።

ምልክት የሚሉት ነገር ደግሞ ነበራቸው። ከእያንዳንዱ እንስሳ እግር ላይ የምትታሰር ወይም ጠርሙስ ውስጥ የምትገባ ቁራጭ ወረቀት ናት። የተገኘበት ቦታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም፣ ያዘጋጀው ሰው ስምና አስተያየት ይጻፍባታል። በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ መጻፍ ክልክል ነበር። «ቀለም አረቄ ሲያገኝ ይሰክርና የጻፈውን ይረሳል። እርሳስ አይጠጣም» ይሉ ነበር። የማያውቁትን ነገር «አላውቅም» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ ቀኑን ገምቼ ብጽፍ ወረቀቱን ቀደው ጣሉት። «ምልክት ላይ የዋሸ ሰው እንስሳውን ሁለተኛ ገደለው» አሉኝ። ይህን ቃል የሰማሁት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ሰምቼም ነበር።

አረቄ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ለእባብ፣ ለእንሽላሊትና ለእንቁራሪት ማስቀመጫ የሚሆን ስፒሪት እንዲላክልን በየዓመቱ እንጠይቃለን፤ በየዓመቱ «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» የሚል ይመጣል። ስለዚህ ጋሽ አየነው የባለቤታቸውን የእትዬ ሙሉን ዳግም አረቄ ያመጡ ነበር። ዳግም ማለት አንዴ የወጣው አረቄ ተመልሶ ሲወጣ ነው፤ እንደ እሳት ነው። ዳይሬክተሩ በወረቀት ላይ «የሳይንስ ፈሳሽ» ብለው ይመዘግቡታል፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም።

የገዛ ሚስታቸውን አረቄ እንኳ ጋሽ አየነው ሳይፈትኑ ጠርሙስ ውስጥ አይጨምሩም። በማንኪያ ይቀዱና ክብሪት ይጭሩበታል። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ነዶ ነዶ ሲጠፋ ማንኪያውን ያዘነብሉታል። ጠብ የሚል ውኃ ከሌለ ወይም ትንሽ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ውኃ ከተረፈ አረቄው ደካማ ነው፤ ሥጋ ያበሰብሳል። «እሳቱን ጠይቀው» ይሉኛል፤ «ነጋዴ ይምላል፣ ሚስትም ታሞግሳለች፣ እሳት ግን አያፍርም።»

እትዬ ሙሉ ሁዳዴ ሲገባ ጋኗን አጥባ ትደፋና እስከ ፋሲካ አትነካውም። በጾም አረቄ ማውጣት ነውር ነው ባይ ናት። እኔን የጣለኝ ያ ጾም ነው፤ ወይም ጾሙን ሰበብ ያደረገው ኩራቴ።

ጋሽ አየነው ጡረታ ወጥተው፣ ከቆሰበር የሁለት ሰዓት መንገድ ከምትሆን ሰፈራቸው ገብተው ነበር። ሳል ይዟቸው ከስተዋል። በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በትራቸውን እየተመረኮዙ ላቦራቶሪ ድረስ መጡ። ከካፖርታቸው ኪስ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከክብሪት እንጨት የምታንስ እንቁራሪት ነበረች፤ ሞታለች። ጀርባዋ እንደ ቀርቀሃ ቅጠል ቢጫ ያጠላበት አረንጓዴ ሆኖ ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ የሆዷ ቆዳ ስስ ከመሆኑ የተነሣ አንጀቷ ይታያል።

«ከተቆረጠ ቀርቀሃ ጉቶ ውስጥ፣ በተጠራቀመው ውኃ ላይ ተንሳፍፋ አገኘኋት» አሉኝ። «እናቴ በአዊኛ የቀርቀሃ እንግዳ ትላት ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ፈልጌ ዛሬ ገና አየኋት። መጽሐፉም አላያትም፤ ሦስቴ አገላብጬዋለሁ።»

ደብተራቸውን አውጥተው በሚንቀጠቀጥ እጅ ሳሏት። ለኳት። ነጠብጣቦቹን ከየት እስከ የት እንደሆኑ ቆጥረው ጻፉ። ከዚያ የማላውቀውን ፊት አሳዩኝ፤ እንደማፈር አሉ።

«ስመኘው፣ አዲስ አበባ ላለው ሙዚየም እንላካት። እጄ እምቢ ብሎኛል፤ አንተ አዘጋጃት። ሙሉ ከጾሙ በፊት ያወጣችው አንድ ጠርሙስ አላት። ሰኞ እልክልሃለሁ። እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ቀዝቃዛ ቦታ አኑራት። ስሜንም ከእነአባቴ ይጻፉልኝ። ሌላ የምጠይቃቸው ነገር የለም።»

ሰኞ እኔ ፈተና ለማረም ሁለት ሳምንት ዳንግላ እንደምሄድ አልነገርኳቸውም። ዛሬውኑ ልጨርሳት፣ ሲሰሙ ይደነቁብኝ ብዬ አሰብኩ። የዚያን ዕለት ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ገበያ ነበር፤ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወረድኩ። ከገበያው ጥግ አረቄ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። «ዳግም ነው?» አልኳት። «በሚካኤል! ቢፈልጉ ይቅመሱት» አለችኝ። በሁዳዴ፣ በገበያ መሃል፣ ተማሪዎቼ እናቶቻቸውን ይዘው በሚያልፉበት፣ መምህሩ አረቄ ሲቀምስ! ማንኪያ አውጥቼ እሳት ልለኩስማ ጨርሶ አይታሰብም። ጠርሙሱን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ እንደ ሌባ እየተገላመጥኩ ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ይሉኝታ ነው ልበል። ላቦራቶሪ ከገባሁ በኋላ ግን ማንም አያየኝም። ክብሪቱ መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ማንኪያው ከአጠገቡ። አሸተትኩት፤ አፍንጫ ይበጥሳል። በብርሃን አየሁት፤ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ይበቃል አልኩ። አረቄው ዘልቆ እንዲገባ ሆዷን በምላጭ ጫፍ ነካ አደረግኩ፣ ጠርሙሱን ሞላሁ፣ ምልክቷን በእርሳስ ጽፌ ከተትኩ፣ ክዳኑን በሰም አሸግኩ። እሳቱን አልጠየቅኩትም። ለዚህ እስከ ዛሬ ምክንያት አጥቼለታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ የላቦራቶሪውን በር ከመክፈቴ በፊት ሽታው ተቀበለኝ። ፈሳሹ ደፍርሷል። እንቁራሪቷ ፈርሳ ከታች ዝቃጭ ሆናለች፤ ከላይ ምልክቷ ብቻ ተንሳፍፏል፣ ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ። እርሳስ አይጠጣም። ከጠርሙሱ አጠገብ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ሌላ ጠርሙስ ቆሟል። ዘበኛው «ሰኞ ከጋሽ አየነው ቤት የመጣ ነው» አለኝ። ማንኪያ አወጣሁና ያን ጊዜ ለኮስኩት። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ፤ ማንኪያው ደርቆ ቀረ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ከክፍሉ ጀርባ ባሕር ዛፍ ሥር ቆፍሬ እንቁራሪቷንም ምልክቷንም ቀበርኩ።

እንደ ሰው ሄጄ ብናገር ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። ልናገር ነው የሄድኩትም፤ በፋሲካ ማግስት። ጋሽ አየነው አልጋ ይዘዋል፤ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ገና ሳልቀመጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ላክሃት?» አሉኝ። ዓይናቸው ያበራል።

«ልኬያታለሁ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ የወጣው እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እትዬ ሙሉ እልል አለች። የመጨረሻ ልጃቸው የሺወርቅ፣ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የእጅ ውኃ እያስታጠበችኝ ሳቀች። ውሸት ደግሞ አንድ ሆኖ አይቀመጥም። በሰኔ ሄጄ ስጠይቃቸው «መልስ ጻፉ?» አሉኝ። «ጽፈዋል፤ በመስታወት ውስጥ አኑረዋታል፤ ስምዎም ከእነአባትዎ በትልቁ አለ» አልኩ። እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ ሳይለቁ ቆዩ። በነሐሴ አረፉ። ቀብራቸው ላይ አልቃሿ ስማቸው አዲስ አበባ መግባቱን አነሣች፤ ሰዉ እየተቀባበለ አለቀሰ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ቆሰበር አልቆም አለኝ፤ ተዛውሬ ዳንግላ ገባሁ። እዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ዕድገት የማወራው የለኝም፤ እንደ ሰዉ ነው። ላቦራቶሪ ሠራሁ፣ ወፍ የሚገፍፉ ተማሪዎች አወጣሁ፤ አንዱ ሐኪም ሆኖ «መምህር፣ እጄ የተፈታው በእርስዎ ጉጉት ነው» አለኝ። የሳይንስ ክበብ በየዓመቱ አዲስ አበባ ሙዚየሙን እንይ ይላል፤ እኔ በየዓመቱ ምክንያት አገኛለሁ። ዘንገና ሐይቅ ወስጄ አሳልፋቸዋለሁ። ራሴ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሙዚየሙ በር ድረስ ደርሻለሁ፤ ዘበኛው «ይግቡ እንጂ» ሲለኝ ተመልሻለሁ።

የስንብቴ ቀን ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። ንግግር ተደረገ፤ እንደ ቅዱስ አደረጉኝ። በመጨረሻ ከቆሰበር ድረስ የመጣች አንዲት ሴት ተነሣች። የሺወርቅ ናት፤ ዛሬ የልጆች እናት፣ ባለ ሱቅ። እሷና እኔ ዘመድ ነን ማለት ይቻላል፤ ልጆቿን ክርስትና ሳነሣም ሳስተምርም አለሁበት።

«ጋሼ እስከ ዛሬ ጊዜ የላቸውም ነበር» አለች ማይክራፎኑን ይዛ። «አሁን ግን ነጻ ናቸው። አዲስ አበባ ሄደን የአባዬን እንቁራሪት ያሳዩኛል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃል ይግቡልኝ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቃል ገባሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

እንዲህ ሆኖ ዝግጅቱ ተጀመረ። የሺ አቃጅ ናት፤ ነገር ሲገባት አትለቅም። የትኛው አውቶቡስ እንደሚሻል፣ የት እንደምናድር፣ ሙዚየሙ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ ሁሉ አጣርታ በወረቀት ላይ ጽፋለች። ሦስት ጊዜ ቀን ቆረጥን። አንዴ መንገድ ተዘጋ፤ አንዴ ልጇ ታመመች፤ አንዴ እኔ ወገቤን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ወገቤን አላመመኝም።

ተኝቼም አልቀረሁም። ከተነሣሁ በኋላ ለማንም ሳልናገር ሚኒባስ ይዤ ወደ ጋሽ አየነው ሰፈር ሄድኩ። አንዲት እንቁራሪት ባገኝ፣ አንዲት ብቻ፣ እያልኩ። ቀርቀሃው የለም። ከላይ እስከ ታች ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ተተክሎበት፣ ግማሹ ተቆርጦ ከሰል እየሆነ ይጨሳል። ከሰል የሚያከስለው ሰው «ምን ጠፋብዎ፣ አባት?» አለኝ። «እንቁራሪት» አልኩት። ቀና ብሎ ደህና መሆኔን መረመረኝ።

ባለፈው ወር ኔትወርክ በተለቀቀ ሰሞን የሺ ደወለችና «ሱቅ ይምጡ፣ ጉዳይ አለ» አለችኝ። ስደርስ ሳሙና ከካርቶን እያወጣች ትደረድራለች። ፊቷ ቀልቷል።

«ሙዚየሙ ደወልኩ፣ ጋሼ።»

ወንበር ፈለግኩ።

«አንድ ትሑት ልጅ ነው ያነጋገረኝ። መዝገብ አገላብጦ በማግስቱ መልሶ ደወለልኝ። በአባዬ ስም የገባ ነገር የለም አለ። ልጁ ምን ያውቃል፤ ጥለዋት ነው! ወይ በሌላ ሰው ስም ጽፈዋታል። የገጠር ሰው ድካም ምን ጊዜም እንዲህ ነው። እርስዎ የላኩበት የፖስታ ቤት ወረቀት አለ አይደል? እሱን ይዘን እንሄዳለን። ማመልከቻም አጽፌአለሁ፤ ይኸው።»

ማመልከቻው ሁለት ገጽ ነው። አባቴ በእምነት የላኩትን አጥፍተዋልና ይጠየቁልኝ ይላል። እንቁራሪቷን የማያውቋት፣ ያላዩዋት፣ ለየሺ መዝገብ ሲያገላብጡ ያመሹ ሰዎች ሌባ ሊባሉ ነው። ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«የሺ፣ አልላኳትም።»

«ምን አሉኝ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ግምጃ ቤትን፣ ማንኪያውን፣ ባሕር ዛፉን፣ የሰኔውን ውሸት። ስናገር ሳሙናውን መደርደር አላቆመችም። ካርቶኑ እስኪያልቅ ደረደረች፤ ባዶውን ካርቶን ረግጣ አጠፈች።

«አቶ ስመኘው» አለችኝ። አቶ ብላኝ አታውቅም። «አባዬ ሊሞት ሰሞን ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹አዲስ አበባ የሄድሽ ቀን ስሜን ከእነአባቴ ጽፈውት እንደሆነ እይልኝ› ነው ያለኝ። ልጆቼን የአያታችሁ ስም በመስታወት ውስጥ አለ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። ሰኞ የደረሰውን ጠርሙስ ማን ያመጣው ይመስልዎታል? እኔ ነኝ። እንዳይሰበር ሁለት ሰዓት ሙሉ በደረቴ አቅፌ ነው የሄድኩት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ።

«አሁን ይሂዱልኝ።»

አሥራ አንድ ቀን ድምፅዋ ጠፋ። አልደወልኩም፤ ምን ብዬ? መናኸሪያ መመላለሴን ግን አልተውኩም፤ እግሬ ለምዶት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት የሺ ዳንግላ ቤቴ ደጃፍ ከባጃጅ ወረደች። ሰላም አላለችኝም። ገብታ ተቀምጣ ከፌስታል ውስጥ የአባቷን ደብተር አወጣች። እንቁራሪቷ ያለችበትን ገጽ ከፈተችው። ሦስቱ ነጠብጣቦች እንዳሉ ናቸው።

«ያን ልጅ መልሼ ደወልኩለት» አለች። «እንስሳዋ የለችም፣ ሥዕሏና ልኳ ግን አለ አልኩት። አምጡት አለኝ። ከሚያውቋቸው ጋር እናስተያየው፣ ቅጂውንም እናስቀምጥ አለ። እና ምልክቷን ይጻፉ።»

«ማን? እኔ?»

«ያኔ የጻፉት ተቀብሮ የለ? እንደገና ይጻፉት። በእርሳስ።»

ወረቀት ቆረጥኩ። ቦታ፦ ከቆሰበር የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ከቀርቀሃ ጉቶ ውስጥ። ዛሬ ቀርቀሃው የለም። ቀን፦ በሁዳዴ አጋማሽ ቅዳሜ፤ ትክክለኛውን ቀን አላውቅም። ሰብሳቢ፦ አየነው ዘለቀ። አዘጋጅ፦ ስመኘው። አስተያየት የሚለው ላይ ስደርስ እርሳሱን ቀረጽኩት። ከዚያ ጻፍኩ፦ አዘጋጁ አረቄውን በእሳት ስላልፈተነ እንስሳዋ በስብሳለች። ለሰብሳቢውም ተልካለች ብሎ ዋሽቷል።

የሺ ወስዳ አነበበች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ጠርሙሱስ?» አለች።

ተቀብዬ ጨመርኩ፦ ደህናው አረቄ ሰኞ ደርሶ ነበር፤ ያመጣችው ልጃቸው የሺወርቅ አየነው ናት።

ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ አኖረችው። ሻይ ቀርቦላት አልጠጣችም። ስትወጣ «ረቡዕ» ብቻ አለች።

ዛሬ ረቡዕ ነው። በመናኸሪያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይህችን የምጨርሳት። መንገዱ ተከፍቷል ብለውናል። ትኬቴን ቆርጫለሁ። ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ሰው ሥዕሉን አይቶ «ይህችማ በየረግረጉ ሞልታለች» ሊል ይችላል፤ ያኔ ጋሽ አየነው ተሳስተዋል ማለት ነው። ወይም ደግሞ «ይህችን ማንም አይቷት አያውቅም» ሊል ይችላል፤ ያኔ ያጠፋሁት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱንም እፈራለሁ። ቢሆንም ዘበኛው ይግቡ ካለኝ በዚህ ጊዜ እገባለሁ።

አውቶቡሱ በቆሰበር ያልፋል፤ የሺ ግን እንዳልቀርባት በመጀመሪያው ሚኒባስ እዚህ ድረስ መጣች። ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ በደረቷ አቅፋዋለች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ «ቶሎ ግቡ!» እያለ ይጮኻል። ደረጃው ከፍ ያለ ስለሆነ ላግዛት ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«አምጪው፣ ከሻንጣዬ ውስጥ ላስቀምጥልሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ አልፈታም።

«ሻንጣዎትን ይያዙ» አለች። «ይኼ ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው፣ ጋሼ።»

ሻንጣዬን ያዝኩና ተከትያት ወጣሁ።